መንገድና ውሃ ከገባ በኋላ የሰፈሩ ኑሮ መሻሻሉን በምን እንለካ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ወረዳ የኮብልስቶንና የውሃ መስመር ሥራ ሊጀመር ነው። የነዋሪውን ኑሮ ከሥራው በፊትና በኋላ ቤት ለቤት ልንጠይቅ አስበናል፤ መጀመሪያ ጥር ላይ፣ ሁለተኛውን በቀጣዩ ዓመት መጋቢት። 385 ቤተሰብ ይበቃል? የትኞቹ ጥያቄዎችስ ያሳስታሉ?

የናሙና ባለሙያ፦ 385 የሚበቃው ከሙሉ ዝርዝር አንድ በአንድ በዕጣ ሲወጣ ነው። ብሎክ መርጣችሁ ከየብሎኩ የምትወስዱ ከሆነ ግን የጎረቤታሞች ኑሮ ስለሚመሳሰል በ2 አባዙት፤ 770። ሳይገኙ ለሚቀሩ 10 በመቶ ስታስቡ 856 ይሆናል። ያም ሆኖ 50 በመቶ የነበረው 55 ቢሆን ለውጥ ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ በሁለት ዙር ልዩነት ላይ የስህተት ወሰኑ (በዕጣው ምክንያት ብቻ ሊመጣ የሚችለው ልዩነት) ወደ 7 የመቶኛ ነጥብ ነው።

ዝርዝሩን ራሳችሁ አዘጋጁ፤ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በሩ ላይ "ስንት ቤተሰብ አለ?" ስትሉ አከራይ ተከራዩን ላይቆጥር ይችላል። "እዚህ ግቢ ለየብቻው የሚያበስል ስንት ነው?" በሉ።

የመስክ ተቆጣጣሪ፦ "ቧንቧ አላችሁ?" ምንም አይነግራችሁም፤ ውሃው በፈረቃ ነው። ባለፉት 7 ቀናት ስንት ቀን መጣ፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ስንት ጄሪካን ተሞላ በሉ።

ሰው ኑሮው ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደሆነ በሚናገርበት ከ0 እስከ 10 ባለው የኑሮ መሰላል ላይ በጣም ተጠንቀቁ። እናት "ተመስገን ነው" ይላሉ፣ መረጃ ሰብሳቢው 7 ብሎ ይሞላል። ተመስገን ቁጥር አይደለም! መሰላሉን ወረቀት ላይ ሥላችሁ ስጧቸው፤ ደረጃውን ራሳቸው በጣታቸው ያሳዩ። ከውሃው ጥያቄም ይቅደም፤ ስለ ውሃ ሲማረሩ ቆይተው የሚሰጡት ቁጥር ዝቅ ይላል።

ጠያቂ፦ መጋቢቱስ?

የናሙና ባለሙያ፦ አይሆንም፣ ሁዳዴ ነው። ስለ ምግብም ከጠየቃችሁ፣ በምግብ ፍጆታ ነጥብ (ቤቱ በሳምንት ምን ምን ስንት ቀን እንደበላ በሚደምረው) ስሌት ሥጋና እንቁላል የተበሉባቸው ቀናት በ4 ይባዛሉ፣ ወተትም እንዲሁ፤ ሽሮና ምስር በ3። የጾመው ቤት የተቸገረ ይመስላል። ሁለቱንም ዙር ጥር ላይ አድርጉት።

የከተማ ጥናት ባለሙያ፦ ከሁሉ የሚያሰጋኝ ገና አልተነሳም። መንገድ ሲገባ ብዙ ጊዜ ኪራይ ይጨምራል፤ አቅም ያጣው ይለቃል፣ የተሻለ ገቢ ያለው ይገባል። ያን ጊዜ የአንድም ሰው ኑሮ ሳይሻሻል የሰፈሩ አማካይ ከፍ ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ የነሱንና የአንድ ዘመድ ስልክ ያዙ። አዲስ ተከራይ ካገኛችሁ በሌላ ኮድ መዝግቡ፣ የለቀቀውን ግን ደውላችሁ ፈልጉት። ሪፖርቱ ላይ የቆዩ፣ የለቀቁና የገቡ ለየብቻ ይቀመጡ። በስልክ ሥዕል ስለማይታይ የመሰላሉን ታችና ላይ ምን እንደሆነ በቃል አንብቡላቸው።