ለስድስት ሰው ቤተሰብ የምትሆን መኪና፦ ራቭ4፣ ግራንድ ቪታራ ወይስ የኤሌክትሪክ?

ጥያቄ፦ ባለ መድኃኒት ቤቱ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔና ባለቤቴ ከብዙ ቁጠባ በኋላ መኪና ለመግዛት ቆርጠናል። አቅማችን 4 ሚሊዮን ብር አካባቢ ነው። ቤተሰባችን ስድስት ነው፤ እኛ ሁለታችን፣ ሦስት ልጆችና የባለቤቴ እናት። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የምንነዳ ይመስለኛል። አብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው። በዓል ሲሆን ግን ከቢቸና ወዲያ ወላጆቼ ዘንድ እንሄዳለን፤ የመጨረሻው መንገድ ጠጠርና ዋልካ ነው፤ ስንመለስ ደግሞ ጤፍ ሳይጫንልን አንወጣም። አልፎ አልፎ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም አለ።

የቀረቡልኝ ሦስት ናቸው (ሞዴሎቹ በፈረንጅ ዘመን ነው)፦

ራቭ4፣ 2008 ሞዴል፣ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ 3 ሚሊዮን 100 ሺህ።
ግራንድ ቪታራ፣ 2010 ሞዴል፣ ባለ 2.4 ሊትር፣ 2 ሚሊዮን 600 ሺህ።
ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ 2023 ሞዴል፣ የኤሌክትሪክ፣ 4 ሚሊዮን 100 ሺህ።

በስፋት፣ በነዳጅና በዋጋ ብታመዛዝኑልኝ ውለታችሁ አይረሳኝም። ለአሥራ አምስት ዓመት አሮጌ መኪና ይህን ያህል መጠየቁም አልዋጥልህ ብሎኛል።

መልስ፦ ጋራዡ (ፍኖተ ሰላም)

ጋሼ፣ ሁሉም ሰው ስለ ነዳጅ ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ልበል። ስድስት ነን ብለዋል፤ የዘረዘሯቸው መኪኖች እንደ ወትሮው አምስት ሰው ነው የሚይዙት። ትንሹ ልጅ ዛሬ ጭን ላይ ይቀመጣል፤ ከሁለት ዓመት በኋላስ? ልጅን ጭን ላይ አድርጎ ዓባይ በረሃ መውረድም ደግ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የመቀመጫውን ቁጥር ከሊብሬው ላይ ያንብቡ።

አሁን መልካሙ ዜና። የዚያ ዘመን ራቭ4 (ከ2006 እስከ 2012 የተሠራችው) አጭርና ረጅም ነበራት። ረጅሟ 4 ሜትር ከ60 ገደማ ስትሆን፣ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሄዱት መካከል ሦስተኛ ረድፍ መቀመጫ የተገጠመላቸው አሉ። ያ ረድፍ ለትልቅ ሰው አይሆንም፤ ጉልበት አገጭ ይነካል። ለልጅ ግን በቂ ነው። ሲዘረጋ የኋላው ዕቃ መጫኛ ይጠፋል፤ ጤፉ ጣሪያ ላይ ይወጣል ማለት ነው። የቀረበችልዎት የትኛዋ እንደሆነች ደላላውን ሳይሆን መኪናዋን ይጠይቁ፤ የኋላ በሯን ከፍተው ወለሉን ይዩት።

መልስ፦ እህል ነጋዴው (ቡሬ)

ወንድም ዓለም፣ ስለ ዋልካ ያነሣልህ ሰው የለም እንዴ? ክረምት ላይ በቢቸናና በደጀን ጥቁር አፈር ላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ስለ መኪና ስፋት ቢያወራ አልሰማውም። ግራንድ ቪታራ 4 ሜትር ተኩል ትረዝማለች፤ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ትላለች። አራቱም ጎማዋ የሚጎትተው ከሆነችና ዝግተኛው የጭቃና የዳገት ማርሽ ካላት በዚህ ዝርዝር ውስጥ እውነተኛዋ የገጠር መኪና እርሷ ናት። ራቭ4 አራቱም ጎማዋ ቢጎትትም ያ ማርሽ የላትም። ዩዋን ፕላስ የፊት ጎማዋ ብቻ ነው የሚጎትተው፤ ከመሬት ያላት ከፍታም 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ያውም ባዶዋን።

የቪታራ ጥፋቷ ሁለት ነው። ነዳጅ ትወዳለች፤ በሊትር 8፣ ቢበዛ 9 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ወንበሯም ስድስተኛ ሰው አይቀበልም። የቤተሰብህን ነገር አንተ ታውቃለህ። አንድ ምክር ልጨምር፦ ዋልካ ላይ አራቱም ጎማ ከመጎተቱ ይልቅ ጥሩ ጥርስ ያለው ጎማ ያድናል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ የትኛዋንም መኪና ቦይ ውስጥ ነው የሚያስገባት።

መልስ፦ የሁለት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)

እኔ ዩዋን ፕላስ ነው የምነዳው፤ ስለ እርሷ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። ርዝመቷ 4 ሜትር ከ45 ነው፤ ከራቭ4 ታጥራለች። ነገር ግን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ72 ስለሆነ፣ ወለሏም ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ከብዙ ረጃጅም መኪኖች የተሻለ እግሩን ይዘረጋል። ልጆቼ አይጣሉም፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከመግዛትዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የቻርጅ መሰኪያዋ ምን ዓይነት ነው? ለቻይና ገበያ የተሠሩት የቻይናውን መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ለአውሮፓ የተሠሩት ሌላ ነው። ማሽን ፊት ቆሞ መሰኪያው አልገባ ሲል ማን ይደርሳል? ሁለተኛ፣ ትርፍ ጎማ አላት ወይ? ይህች መኪና ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከፓምፕና ከማጣበቂያ ጋር ብቻ ነው፤ ጎሚስታ በሌለበት የገጠር መንገድ ላይ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ያ ምንም አይፈይድም። ሦስተኛ፣ የባትሪዋ ጤንነት በኮምፒውተር ይታይልዎት።

ቤት ውስጥ ስለ መሙላት ደግሞ፣ ተራ ሶኬት በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚሰጠው። ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባዶዋን ቢሰኳት ከአንድ ሙሉ ቀን በላይ ትፈጃለች። ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ በባለሙያ ከተዘረጋ አንድ ሌሊት ይበቃል፤ መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው። እኔ መብራት ባለበት ሰዓት ሁሉ መሙላት ለምጄአለሁ፤ ባትሪው እስኪያልቅ የሚጠብቅ ሰው እዚህ አገር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ባይገዛ ይሻለዋል።

መልስ፦ ሾፌሩ (ደጀን)

የዓባይን በረሃ ሁላችሁም ዘላችሁት አለፋችሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናው ከ1,400 ሜትር ያላነሰ ይወርድና ያንኑ ይወጣል። የደብረ ማርቆስ ከፍታ ራሱ 2,400 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ 100 ፈረስ የተባለው ሞተር እኛ ዘንድ 80 ነው። ሰባት ሰው ትይዛለች ተብላ የምትወደሰው ቶዮታ ረሽ ባለ 1.5 ሊትር ናት፤ ከመሬት 22 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቷ መልካም ነው፤ ቤተሰብና ጤፍ ጭና ዳገቱን ስትወጣ ግን ታዝናለህ። ባለ 2.4ቶቹ ያን ያህል አይቸገሩም።

የኤሌክትሪኳ ሞተር አየር አያስፈልገውም፤ ጉልበቷ አይቀንስም። ቁልቁለት ላይም ሞተሯ እየያዛት ባትሪውን መልሳ ትሞላለች። እንዲህ አስሉት፦ ሰውና ዕቃ ይዛ 2,150 ኪሎ ግራም ብትመዝን፣ 1,400 ሜትር ለመውጣት ብቻ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች፤ ስትወርድ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላዩን ታስመልሳለች። በረሃው አያስፈራትም። የሚያስፈራው ርቀቱ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ 54 ይሄዳል፤ በረሃውን ስትጨምሩበት ከ60ው የሚተርፈው እፍኝ አይሞላም። ፋብሪካው 420 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ያ ግን ያለ ጤፍ ነው። መንገድ ላይ የሚሠራ መሙያ መኖሩን ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ እንዳይነሡ።

የቤንዚኑን ለሚገዛ ደግሞ፦ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። አውቶማቲክ ናት ብሎ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሰው ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ሽታው ይነግረዋል።

መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛው (እንጅባራ)

ሁሉም በልቡ የያዘውን መኪና አወደሰ፤ እኔ ወደ ብሩ ልምጣ። ለስሌት እንዲመች ቤንዚኑን በሊትር 120 ብር፣ የመብራቱን ኪሎዋት ሰዓት ለጥንቃቄ ከፍ አድርጌ 10 ብር ይዣለሁ።

ራቭ4 በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ብትሄድ፣ በወር 105 ሊትር፣ 12,600 ብር። ቪታራ 8 ኪሎ ሜትር ተኩል ብትሄድ 14,100 ብር ገደማ። ዩዋን ፕላስ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ 200 ኪሎዋት ሰዓት፣ 2,000 ብር።

እንግዲህ ራቭ4 ከቪታራ በነዳጅ የምታተርፈው በወር 1,500 ብር ነው፤ የዋጋ ልዩነታቸው ግን ግማሽ ሚሊዮን ብር ነው። በነዳጅ ብቻ ያን ለመመለስ ከ27 ዓመት በላይ ያስፈልጋል! ስለዚህ ራቭ4ን የሚገዛ ሰው ለስፋቷና መልሳ ለመሸጥ ለመቅለሏ ይግዛት እንጂ ለነዳጅ አይደለም። የኤሌክትሪኳ ከራቭ4 በወር 10,600 ብር ታተርፋለች፤ 1 ሚሊዮኑን ለመመለስ 8 ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ቤንዚን 200 ብር ቢገባ ግን ዘመኑ ወደ 4 ዓመት ተኩል ይወርዳል። በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ግማሽ ይሆናል። የዘይት ቅያሬ አለመኖሩን አልቆጠርሁም።

የአሮጌው መኪና ዋጋ ለምን ሰማይ ነካ ላሉት፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብሩ በገበያ እንዲመራ ተለቀቀ። አዲስ የማይገባለት ዕቃ ዋጋው አይወርድም። ይህ ለገዢ መራራ ነው፤ ነገ ለሚሸጥ ሰው ግን አይከፋም።

ጠያቂው (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግቢያችን የጋራ ነው፤ አንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤት ነው፤ ስለዚህ ባለ 7 ኪሎዋቱ መሙያ ለጊዜው የማይታሰብ ነው። የኤሌክትሪኳን በዚህ ምክንያት ተውኳት፤ እህቴ አትቀየሚኝ። ጋሼ ጋራዡ እንዳሉትም የራቭ4ዋን የኋላ በር አስከፍቼ አየሁ፤ ሦስተኛ ረድፍ አላት! አማቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና መሐል ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ወደ ኋላ። የቀረኝ ሞተሯን ማስመርመር ነው። ምን ላይ ላተኩር?

መልስ፦ ጋራዡ (ፍኖተ ሰላም)

ያ ባለ 2.4 ሞተር ጠንካራ ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ከተሠሩት አንዳንዶቹ ግን ዘይት ይበላሉ። ሻጩ ዘይቱን ትናንት ሞልቶት ይሆናልና መለኪያ ዘንጉን አይቶ መርካት አይበቃም። መኪናዋ ስትነሣና ረጅም ቁልቁለት ወርዳ እግር ነዳጁ ላይ ሲያርፍ ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ይወጣ እንደሆነ ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ ይይ። መሪዋን በቆመችበት ግራ ቀኝ ሲያዞሩ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ የመሪው ዘንግ ነው፤ ይጠገናል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑት፤ የፔዳሉን ጎማና የወንበሩን ጠርዝ ይዩ። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ካልሆነ ቀብድ አይክፈሉ።

ጠያቂው (ደብረ ማርቆስ)

ቅዳሜ ጠዋት ሻጩን ይዤው እርስዎ ዘንድ ልምጣ?

መልስ፦ ጋራዡ (ፍኖተ ሰላም)

ቅዳሜ ጠዋት ከማርቆስ ነድተው ከመጡ ሞተሯ ሞቆ ይደርሳል፤ የሞቀ ሞተር ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል። ዓርብ ማታ አምጧትና እዚሁ ትደር፤ ጠዋት ቀዝቅዛ ሳለች እኔው አስነሣታለሁ። ሻጩ ማሳደሩን እንቢ ካለ ግን ነዳጅዎን አያቃጥሉ።