ኦክሲቴትራሳይክሊን በቲኤልሲ፦ ስፖቱ ለምን ይጎተታል? ወተት ላይስ ይሠራል?

ሱሉልታ_ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ አካባቢ ባለ የወተት መሰብሰቢያ ማዕከል ነው የምንሠራው። ወተት ውስጥ የኦክሲቴትራሳይክሊን (የከብት አንቲባዮቲክ) ቅሪት መኖር አለመኖሩን በቲኤልሲ፣ ማለትም ናሙናን በስስ የሲሊካ ፕሌት ላይ በሚለየው ዘዴ፣ መለየት ፈልገን ነበር። ፕሌቱ ሲሊካ ጄል 60 ኤፍ254፣ 5 በ10 ሴንቲ ሜትር ነው። ሞባይል ፌዙ (ፕሌቱን ሽቅብ የሚወጣው ፈሳሽ) ዳይክሎሮሜቴን፣ ሜታኖልና ውሃ በ59፣ 35 እና 6 መጠን። ለስታንዳርድ (ለማነጻጸሪያ) 10 ፐርሰንቱን የከብት መርፌ በሜታኖል አቅጥነን እንጠቀማለን። ስታንዳርዱ ክብ ሆኖ አይወጣም፤ ከመነሻው መስመር አንስቶ እስከ ፕሌቱ ግማሽ ጭራ ሆኖ ይጎተታል። ጥሬ ወተት 5 ማይክሮ ሊትር ስናንጠባጥብ ደግሞ በዩቪ መብራት 365 ናኖ ሜትር ላይ ምንም አይታይም። ኤችፒኤልሲ (ይበልጥ አስተማማኝ የመለያ መሣሪያ) የለንም፤ ሴንትሪፊዩጅ፣ ኦቨን፣ የዩቪ መብራትና ጥቂት የሲ18 ካርትሪጅ (መድኃኒቱን ከፈሳሽ ይዞ የሚያስቀር ትንሽ ቱቦ) አለን። በዚህ ውጤት የገበሬ ወተት መመለስ ይቻላል?

ሲሊካ_60፦
ሞባይል ፌዛችሁ ልክ ነው፤ ፕሌቱ ነው ያልተዘጋጀው። ቴትራሳይክሊኖች፣ ኦክሲቴትራሳይክሊንም ከእነሱ አንዱ ነው፣ ብረታ ብረት ይወዳሉ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና አይረን ካገኙ ይዘው አይለቁም፤ ሲሊካው ውስጥ ደግሞ የእነዚህ ርዝራዥ አይጠፋም። ሞለኪውሉ ግማሹ እየተያዘ ግማሹ እየሄደ ነው ጭራ የሚፈጠረው።

መፍትሔው ፕሌቱን አስቀድሞ ኢዲቲኤ (ብረታ ብረቱን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ማጠጣት ነው። 10 ግራም ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ 80 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ውስጥ ጨምሩና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ እያከላችሁ ፒኤቹን 7 አድርሱ። መጀመሪያ ላይ አልሟሟ ቢል አትደንግጡ፣ ፒኤቹ ከፍ ሲል ይሟሟል። እስከ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉት። ፕሌቱ ላይ እኩል ርጩ፣ አግድም አስተኝታችሁ ቢያንስ 1 ሰዓት አድርቁ፣ ከዚያ ከመጠቀማችሁ በፊት 110 ዲግሪ ላይ 1 ሰዓት። በክረምት ከኦቨን የወጣን ፕሌት ጠረጴዛ ላይ መተው ዋጋ የለውም፤ እርጥበቱን መልሶ ይጠጣና አርኤፉ (ስፖቱ ከፈሳሹ አንጻር የተጓዘው ርቀት) ይዋዥቃል። ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ዕቃ) ውስጥ ይቀዝቅዝ።

መርፌውን ግን ተዉት። የኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ ሲሠራ መድኃኒቱ እንዲሟሟ ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ይገባበታል፤ ስለዚህ ጭራውን ራሳችሁ ጨምራችሁበታል ማለት ነው። ንጹሕ የስታንዳርድ ዱቄት ፈልጉ፣ በሜታኖል 1 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር አዘጋጁ፣ ጨለማ ውስጥ በፍሪዘር አስቀምጡ። ፕላስቲክ ቱቦ ከብርጭቆ ይሻላል፣ ቀጭን መፍትሔ ሲሆን የብርጭቆው ግድግዳ ይይዘዋል።

ስለ ቻምበሩም አንድ ነገር። ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ወለል 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሱሉልታ ከፍታ ላይ ከ35 በታች ነው። ክዳኑ ካልገጠመ ቀድሞ የሚተነው እሱ ነው፣ የቀረው ሜታኖልና ውሃ ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋል። ለትንሽ ቻምበር 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፦ ሜታኖል 7፣ ውሃ 1.2፣ መጨረሻ ላይ ዳይክሎሮሜቴን 11.8። ውሃውን መጀመሪያ ከሜታኖሉ ጋር ቀላቅሉ፣ አለዚያ ይደፈርሳል። ግድግዳው ላይ ፊልተር ፔፐር አቁሙ፣ 30 ደቂቃ ይጥገብ፣ ለእያንዳንዱ ፕሌትም አዲስ ቅዱ። ሥራው ፊዩም ሁድ ውስጥ ይሁን።

ናኖግራም፦
ጥሬ ወተት ላይ ምንም አለማየታችሁ የሚጠበቅ ነው፣ ሒሳቡን እንሥራው። ኮዴክስ (ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ) ለወተት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 100 ማይክሮ ግራም ነው። 5 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ያለው 0.5 ናኖ ግራም ብቻ ነው፤ ዓይንና የእጅ መብራት ይህን አያዩም። ማጠናከር ግድ ነው።

10 ሚሊ ሊትር ወተት ውሰዱ፣ በቅዝቃዜ አሽከርክራችሁ ቅባቱን ከላይ አንሡ። 30 ሚሊ ሊትር የማክልቬን ኢዲቲኤ ባፈር ጨምሩ። ለ1 ሊትር ባፈር ሲትሪክ አሲድ ሞኖሃይድሬት 12.9 ግራም፣ ውሃ አልባ ዳይሶዲየም ሃይድሮጅን ፎስፌት 10.9 ግራም፣ ዳይሶዲየም ኢዲቲኤ 37.2 ግራም ይገባል፤ ፒኤቹ 4.0። ኬዚኑ ይረጋል፤ እንደገና አሽከርክሩና አጣሩ። ኢዲቲኤውን ለመቆጠብ አትሞክሩ። 10 ሚሊ ሊትር ወተት 0.3 ሚሊሞል ገደማ ካልሲየም አለው፣ ባፈሩ 3 ሚሊሞል ይሰጣል። አሥር እጥፍ ብታቀጥኑት እኩል ለእኩል ይሆንና ትርፍ አይኖራችሁም።

የሲ18 ካርትሪጁን በ5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ቀጥሎ በውሃ፣ ቀጥሎ በባፈሩ አርጥቡ። የተጣራውን በዝግታ፣ በጠብታ አሳልፉ። በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ እጠቡ፣ አየር ሳቡበት፣ በ5 ሚሊ ሊትር ሜታኖል አውጡ። ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ ሜታኖሉን በትነት አስወግዱና የቀረውን በ100 ማይክሮ ሊትር ሜታኖል መልሳችሁ አሟሙት። 60 ፐርሰንቱ ቢተርፍላችሁ፣ ጣሪያው ላይ ካለ ወተት 10 ማይክሮ ሊትር ስታንጠባጥቡ 60 ናኖ ግራም ፕሌት ላይ አረፈ ማለት ነው። በትንሽ በትንሹ፣ እያደረቃችሁ፣ ስፖቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይስፋ፤ በቀዝቃዛ አየር እንጂ በፀጉር ማድረቂያ ሙቀት አይደለም።

የእናንተ መብራት ስንት ያሳያል የሚለውን ግን ማንም አይነግራችሁም። አንድ ፕሌት ላይ 10፣ 25፣ 50፣ 100 እና 200 ናኖ ግራም ደርድሩ። 50 ካልታያችሁ በዚህ ዘዴ ወተት መመርመር አትጀምሩ።

ሱሉልታ_ላብ፦
እጅግ እናመሰግናለን። ኢዲቲኤው ጭራውን ቆርጦታል፣ ስታንዳርዱ 50 ናኖ ግራም ላይ በደንብ ይታያል። አሁን ደግሞ ሌላ መጣ፦ ፈጽሞ ካልታከመች ላም የተወሰደው ወተትም ቢጫ አረንጓዴ የሚያበራ ስፖት አወጣ። ከየት መጣ?

ናኖግራም፦
ራይቦፍላቪን ነው፣ ቫይታሚን ቢ2። ወተት ውስጥ በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በላይ አለ፤ ከምትፈልጉት መድኃኒት ጣሪያ ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሲ18 እሱንም ይይዛል፣ 365 ላይም ከቴትራሳይክሊን በላይ ያበራል። «ወተቱ አበራ» ብሎ አንቲባዮቲክ አለ ማለት እዚህ ጋ ነው የሚያሳስተው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሌት ላይ አራት ስፖት ይኑር፦ ስታንዳርድ፣ ንጹሕ ወተት፣ መድኃኒት የተጨመረበት ንጹሕ ወተት፣ ናሙናው። የተጨመረበትን ለመሥራት 10 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ካለው ስታንዳርድ 100 ማይክሮ ሊትር በ10 ሚሊ ሊትር ወተት ላይ ጨምሩ፤ በትክክል ጣሪያው ላይ ያርፋል። ከፋርማሲ የተገዛ የቢ2 ክኒን ሜታኖል ውስጥ አራግፋችሁ ብታክሉ የራይቦፍላቪኑን ቦታ ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ሁለቱ ከተጠጋጉ ሜታኖሉን በመጠኑ ቀንሱና ዳይክሎሮሜቴኑን ጨምሩ። ካያችሁት በኋላ ፕሌቱን የአሞኒያ ትነት ላይ አንድ ደቂቃ ያዙት፣ የቴትራሳይክሊኑ ቢጫ ይደምቃል።

የከብት_ሐኪም_ሰንዳፋ፦
ወተት መመለስን በተመለከተ፣ በቲኤልሲ ብቻ አትመልሱ። ጥርጣሬ ያለበትን ለይታችሁ አቆዩ፣ ሁለት ናሙና በፍሪዘር አስቀሩ፣ ኤችፒኤልሲ ወዳለው ላቦራቶሪ ላኩ። ለገበሬው የሚጠየቀው ጥያቄም ቀላል ነው፦ ላሟ መቼ፣ በምን ተወጋች? 20 ፐርሰንቱ፣ ረጅም ጊዜ የሚሠራው፣ ከ10 ፐርሰንቱ ይበልጥ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ስንት ቀን ወተቷ እንደማይሸጥ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ለምትታለብ ላም አይሰጥም የሚልም አለ።

ሌላው፣ በዚህ ዘዴ ፔኒሲሊንን አትፈልጉ። የቤንዚልፔኒሲሊን ጣሪያ በሊትር 4 ማይክሮ ግራም ነው፤ በ10 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው ሁሉ 40 ናኖ ግራም ነው፣ በራሱም አያበራም። ለጡት በሽታ ፔኒሲሊን በብዛት ስለሚሰጥ፣ ለእሱ 64 ዲግሪ ላይ የሚያድገውን ባክቴሪያ የሚጠቀመውን፣ ቀለም የሚቀይረውን የእገዳ ምርመራ (አንቲባዮቲክ ካለ ባክቴሪያው አያድግም) ተጠቀሙ። ያ ደግሞ ለፔኒሲሊን ጎበዝ፣ ለቴትራሳይክሊን ደካማ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪዱ።

ሲሊካ_60፦
አንድ ልጨምር። የተሠራውን ፕሌት ባክቴሪያ በሚያድግበት አጋር ላይ አስተኝታችሁ በባክቴሪያ ለማረጋገጥ ካሰባችሁ፣ ኢዲቲኤ የጠጣው ፕሌት አይሆንም። ኢዲቲኤው ራሱ ባክቴሪያውን ሊያግድ ይችላል፣ ንጹሑም ናሙና ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ ያወጣል።