ፓላዲየሙ ጠቆረብኝ

ጠያቂ (ሀዋሳ)፦ ሰላም ጓዶች፣ ለማስተርስ ሱዙኪ ሪአክሽን (ሁለት የካርቦን ቀለበቶችን በፓላዲየም ማገናኘት) እየሰራሁ ነው። ክሎሮቤንዚን፣ ፊኒልቦሮኒክ አሲድ፣ ፖታሲየም ካርቦኔት፣ ካታሊስቱ (ሪአክሽኑን የሚያፋጥነው) ደግሞ ቴትራኪስ ፓላዲየም፣ ማለትም በአራት ትራይፊኒልፎስፊን የተከበበ ፓላዲየም። ሳሞቀው ቢጫው ጠፍቶ ጥቁር ዱቄት ይዘቅጣል፣ ምርት ግን የለም። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦ አየር ገብቶበታል። ኦክስጅን ፓላዲየሙን የያዘውን ፎስፊን ሲበላው ፓላዲየሙ እርስ በርሱ ተያይዞ ጥቁር የፓላዲየም ሜታል ሆኖ ይወርዳል። ናይትሮጅን በሟሟው ውስጥ አሳልፍበት። ጠርሙሱንም እየው፣ ካታሊስቱ ከደማቅ ቢጫ ወደ ቡኒ ከሄደ አለቀለት።

መልስ 2፦ አየሩ እንዳለ ሆኖ እኔ የምጠረጥረው ክሎሪኑን ነው። የካርቦንና የክሎሪን ቦንድ ጠንካራ ስለሆነ ፓላዲየሙ መሀል ለመግባት ይቸገራል፤ በተራ ትራይፊኒልፎስፊን ባትደክም ይሻላል። ቦንዱ ላላ ያለውን ብሮሞቤንዚን ሞክር።

ጠያቂ፦ ብሮሞው ስቶር አለ፣ የናይትሮጅን ሲሊንደሩ ግን ባዶ ነው 😅

መልስ 1፦ ከጎረቤት ላቦራቶሪ ናይትሮጅን በባሉን ሞልተህ አምጣ። ትንሽ ውሃም ጨምር፣ ካርቦኔቱ ካልሟሟ ቦሮኒክ አሲዱ አይነቃም።