ለልጆቻችን የስፔሊንግ ውድድር፦ የጋራ ሐሳብ ረቂቅና የአባላት አስተያየት

የትምህርት ክፍል አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሥራ አመራሩ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸውና። በኖቬምበር ሁለተኛ ቅዳሜ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ 30 ልጆች የስፔሊንግ ውድድር፣ ማለትም የተጠራላቸውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል በአፍ የሚናገሩበት ውድድር፣ እናዘጋጅ። ከዚያ በፊት 10 ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው 90 ደቂቃ ጥናት ይኑር። ስክሪፕስ ወደሚባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የስፔሊንግ ውድድር የሚያደርሰው መንገድ የትምህርት ቤቱና የአካባቢው ውድድር ስለሆነ የእኛው ማሟሻ ብቻ ነው፤ ወላጅ እንዳይሳሳት ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ለጥናቱ ስክሪፕስ በሦስት የክብደት ደረጃ ከፍሎ ከሚያወጣው የ4,000 ቃላት ዝርዝር 600 መርጠን በፊደል ተራ እንድናስጠና አስቤአለሁ። እስቲ አስተያየታችሁን ስጡ።

የቃላት ምርጫ ኮሚቴ፦
600ው ይበቃል፤ በፊደል ተራ የሚለው ግን ይውጣ። ልጆቹን የሚጥላቸው የቃሉ ርዝመት ሳይሆን አንድ ድምፅ እንደመጣበት ቋንቋ በተለያየ ፊደል መጻፉ ነው። «ሽ» ከፈረንሳይኛ በመጡት በሾፈርና በሻሌ «ሲ-ኤች» ነው፤ ከጀርመንኛ በመጣው በሽኒትዘል «ኤስ-ሲ-ኤች» ይሆናል። «ክ» ደግሞ ከግሪክ ሲመጣ እንደ ክሪሳንተመም «ሲ-ኤች»፣ ከጃፓንኛ ሲመጣ እንደ ካራኦኬ «ኬ»፣ በፈረንሳይኛ ቃል መጨረሻ ላይ ሲወድቅ እንደ ባሮክ «ኪው-ዩ-ኢ» ነው። ስለዚህ ቃላቱ በምንጭ ቋንቋ ይመደቡ፦ ግሪክ ሦስት ቅዳሜ፣ ላቲንና ፈረንሳይኛ ሁለት ሁለት፣ ጀርመንኛና ጣልያንኛ አንድ አንድ፣ ስፓኒሽና ጃፓንኛ ተዳብለው የመጨረሻውን ቅዳሜ።

ይህን ለወላጆች ማስረዳት አይከብድም። ንጉሥ በንጉሡ ሠ፣ እሳት በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ጆሯችን ልዩነቱን ሰምቶ ሳይሆን ግዕዙ እንዲያ ስለሆነ ነው። መድረክ ላይ ቆሞ «ቃሉ ከየት ቋንቋ መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ደንቡም ይፈቅድለታል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ቃሉ ያለፈበት መንገድ በሙሉ ይነበብ እንጂ የመጀመሪያው ምንጭ ብቻ አይነገር። ፋንታዚያ ሥሩ ግሪክ ነው፤ «ግሪክ» ብቻ ከተባለ ልጁ «ፒ-ኤች» ብሎ ይጀምርና ይወድቃል። በጣልያንኛ በኩል ስለመጣ በ«ኤፍ» ነው የሚጻፈው።

የወላጆች ተወካይ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ይጨመርበት። አንደኛው ድርብ ፊደል ነው። በአማርኛ ማጥበቅና ማላላትን በአፍ እንለያለን እንጂ አንጽፍም፤ የበዓሉ ገና ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ስንል ይላላል፣ ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ተቃራኒው ነው፤ ፊደሉን ደርቦ ይጽፋል፣ ሲነበብ ግን አያጠብቅም። ስለዚህ «ሞዛሬላ» ሲባል ጆሮ ላይ ብቻ የተመካ ልጅ «ዚ»ም «ኤል»ም ድርብ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የጣልያንኛው ቅዳሜ ግማሹ ለዚህ ይዋል።

ሁለተኛው ሲነበብ ያልተጫኑት፣ ደከም ብሎ የሚነገር አናባቢ ነው፤ «ኤ»፣ «ኢ» ወይም «ኦ» ቢጻፍ አፍ ላይ «ኧ» የሚሆነው። መፍትሔው የቃሉን ዘመድ መፈለግ ነው። በ«ግራመር» መጨረሻ ያለው አናባቢ ካጠራጠረ «ግራማቲካል» ሲባል «ኤ» መሆኑ ጥርት ብሎ ይሰማል። ከባዕድ የመጣ ቃል ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘመድ ስለሌለው ሥሩን መያዝ ግድ ነው።

ቤት ውስጥ የምንናገረው አማርኛም ይረዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «ካራቲ» የሚለውን እኛ «ካራቴ» እንላለን፤ በ«ኢ» ፊደል ማለቁ እዚያው ተቀምጧል። «ሱናሚ» ስንል ደግሞ መጨረሻው «አይ» ነው። ላዛኛ ውስጥ ያለው «ኛ» የጣልያንኛውን «ጂ-ኤን» ያሳያል፤ ማኪያቶ ውስጥ ያለው «ኪ» ደግሞ «ሲ-ሲ-ኤች-አይ» ነው። ከእንዲህ ያሉ ቃላት 25 ያህል ከአማርኛ አጠራራቸው ጋር በአንድ ገጽ ታትመው ለየቤቱ ይሰጡ።

የዳኝነት ኮሚቴ፦
ደንቡ የብሔራዊው ውድድር ይሁን፤ ልጆቹ በኋላ የሚገጥማቸው እሱ ነውና። ተወዳዳሪው ትርጉሙን፣ የቃሉን ክፍል (ስም ነው ወይስ ግሥ)፣ ምንጩን፣ በዓረፍተ ነገር አገባቡንና ሌላ አጠራር ካለው መጠየቅ ይችላል። ሥርም ይጠይቃል፤ በ2023 ያሸነፈው ቃል «ሳሞፋይል» ሲጠራ በመጀመሪያ ያለችው «ፒ» አትሰማም፣ «ሳሞ» በግሪክ አሸዋ መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ግን አይስታትም። ጀምሮ ያቆመ ልጅ ከመነሻው መድገም ይፈቀድለታል፤ አንዴ ያወጣውን ፊደልም ሆነ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል መቀየር አይችልም። ጭረት፣ ክፍተት፣ ትልቅ ፊደልና የፈረንሳይኛ ምልክቶችን መናገር ግዴታ አይደለም።

ክርክር የሚነሣው ከድምፅ ማጉያው ነው። ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ በተራ ማይክ አይለዩም፤ ኤምና ኤንም እንደዚያው። ስለዚህ ሦስት ዳኞች ከተወዳዳሪው ከ3 ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጡ፣ የልጁን አፍ ይመልከቱ፣ እያንዳንዳቸውም የሰሙትን በወረቀት ይጻፉ። ሁሉም ነገር በስልክ ይቀረጽ። ወላጆች «ዜድ»፣ ልጆች «ዚ» ስለሚሉ ሁለቱም እንደሚቆጠሩ አስቀድሞ ይነገር።

ቃል አንባቢው በእንግሊዝኛ የ«ቲ-ኤች»ን ሁለት ድምፆች አጥርቶ የሚለይ ይሁን፤ አማርኛ ስለሌለው ብዙዎቻችን ወደ ስ፣ ዝ ወይም ት እናዞረዋለን። እያንዳንዱን ቃል ከሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ድምፅ ጋር አስተያይቶ ከሳምንት በፊት ይለማመድ።

ሒሳብ ያዥ፦
ስንት ቃል እንደሚያስፈልግ አስልቻለሁ። በየዙሩ ከ10 ልጅ 7ቱ ያልፋል ብንል 30፣ 21፣ 15፣ 10፣ 7፣ 5፣ 3፣ 2 እያለ 93 ቃል ይሄዳል። ለአንድ ቃል 75 ሰከንድ ቢወስድ ወደ ሁለት ሰዓት ነው። በአንድ ዙር ሁሉም ቢሳሳቱ ሁሉም ስለሚመለሱ መጠባበቂያ ጨምረን 150 እናዘጋጅ፤ ቃላቱ በክብደት ደረጃ ይደርደሩ፣ የመጨረሻዎቹን 40 ከቃላት ኮሚቴው ውጪ ማንም አይያቸው። አዳራሹን ለአራት ሰዓት እንከራይ፤ የሚታተመውም ለዳኞችና ለአንባቢው አራት ቅጂ ብቻ ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
ከእኛ ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ቃላትስ? እንጀራ፣ ጤፍ፣ ብር፣ ንጉሥ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ አሉ። አንድ ዙር ቢሰጣቸው ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።

የዳኝነት ኮሚቴ፦
ይግቡ፤ ጭቅጭቁ ግን ከአሁኑ ይታሰብበት። በ2013 አርቪንድ ማሃንካሊ ባሸነፈበት «ክናይደል» የተባለ የዪዲሽ (የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ) ቃል ላይ የቋንቋው አዋቂዎች ትክክለኛው አጻጻፍ ሌላ ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ውጤቱ ግን አልተነካም፣ ዳኛው መዝገበ ቃላቱ ነውና። እኛም ዘንድ አንድ አባት ተነሥተው «እንጀራ የሚጀምረው በ‹እ› ነው፣ ‹አይ› ከየት መጣ?» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ የእነዚህ ቃላት ገጽ ከመዝገበ ቃላቱ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ሁለት አጻጻፍ ከተሰጠ ሁለቱም ይቆጠር።

የትምህርት ክፍል አስተባባሪ፦
በፊደል ተራ የሚለውን አውጥቼ የቃላት ኮሚቴውን ክፍፍል አስገብቻለሁ፤ የአማርኛ ቃላቱም 3ኛው ዙር ላይ ገብተዋል። የቀረን ቃል አንባቢ መምረጥ ነው። ፈቃደኛ የሆናችሁ እስከ ዓርብ አሳውቁን፤ እሑድ ከስብሰባው በፊት ለእያንዳንዳችሁ 20 ቃል ሰጥተን የዳኝነት ኮሚቴው ያዳምጣችኋል።