ከማሃባራታ ተነሥቼ አጭር ልቦለድ እንዴት ልጻፍ?

ጀማሪዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የህንዶቹን ጥንታዊ የግጥም ታሪክ ማሃባራታ በአጭሩ የተጻፈውን አንብቤ ልቤን ወስዶታል። ከእሱ ተነሥቼ አጭር ልቦለድ መጻፍ እፈልጋለሁ። ግን ሙሉው 100,000 ያህል ስንኝ አለው ይባላል፤ ከየት ልጀምር? ስም ብቻ ቀይሬ እንዳልገለብጠውም ፈርቻለሁ።

ተረት ወዳድ፦ የአጎት ልጆች ለዙፋን የተዋጉትን ጦርነት ተዪው። የ18 ቀን ውጊያ በአጭር ልቦለድ አይያዝም። አንድ ሰው ምረጪና የተጨነቀበትን አንድ ሰዓት ፈልጊ። እኔ ብሆን ካርናን ነበር የምይዘው። እናቱ ኩንቲ ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ ከሱርያ ትወልደዋለች። ነውሩን ፈርታ ወንዝ ላይ ትለቀዋለች፤ ሠረገላ ነጂ ያሳድገዋል። በዘሩ ሲናቅ ወዳጅ የሆነለት የአንደኛው ወገን መሪ ዱርዮዳና ነው። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ኩንቲ መጥታ ልጇ መሆኑን፣ ሊወጋቸው የተነሣውም በሌላው ወገን ያሉትን አምስት ወንድሞቹን መሆኑን ትነግረዋለች። ወዳጄን አልከዳም ይላል። ከመካከላቸው ከአርጁና በቀር አራቱን ላለመግደል ግን ቃል ይገባላታል። ከሁለቱ ማንም ቢሞት አምስት ልጆች ይቀሩልሻል ማለቱ ነው። እናትየዋ የመጣችው እሱን ብላ ነው ወይስ ሌሎቹን ለማዳን? ታሪክሽ እዚህ ጋ አለ።

ሰላማዊት፦ እኔ ደግሞ የአምስቱን ወንድማማቾች ሚስት ድራውፓዲን እላለሁ። ከባሎቿ አንዱ ዩዲሽቲራ በቁማር መንግሥቱን፣ ወንድሞቹን፣ በመጨረሻም ራሱን ተበልቶ እሷን ያስይዛል። እሷም በተሰበሰበው ሰው ፊት ትጠይቃለች፦ ራሱን ቀድሞ ከተበላ እኔን የማስያዝ መብት ከየት አመጣ? ትልቁ ሽማግሌ ቢሽማ እንኳ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጣትም። ባሏ በቤቲንግ ቤቱን ያስበላ የዛሬ ሴት ይህንኑ ጥያቄ ሽማግሌ ፊት ብትጠይቅስ? ስም መቀየር የሚባለው ያኔ ይቀራል።

የዱባዩ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ከህንዶች ጋር ነው የምሠራው፤ በታሪኩ የአምስቱ ወንድማማቾች አጋር የሆነው ክሪሽና ለብዙዎቹ ዛሬም የሚመለክ አምላክ ነው። መሳለቂያ እንዳታደርጊው አደራ። ታሪኩን መልሶ መተረክ ግን ነውር የለውም። በጃቫ ከቆዳ በተሠሩ አሻንጉሊቶች ጥላ እየተጫወቱት ስንት ዘመን ኖረዋል።

ጀማሪዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ኩንቲን መርጫለሁ፣ በእሷ አንደበት ልጽፈው ነው። ግን በወንዙ ልጀምር? አንባቢ ወዲያው ሙሴን ያስባል ብዬ ፈራሁ።

ተረት ወዳድ፦ በወንዙ አትጀምሪ፤ በኋላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ልጇን ፍለጋ ጋንጀስ ዳር ከሄደችበት ጀምሪ። ካርና እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ እየጸለየ ነው። እሷ ከኋላው በልብሱ ጥላ ተጠልላ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። የምትለውን በሆዷ ስታዘጋጅ፣ ስትሰርዝ አሳዪን። እሱ ዞሮ እስኪያያት ድረስ አንድ ገጽ ሙሉ መሄድ ትችያለሽ።

ሰላማዊት፦ ክሪሽና ከእሷ በፊት ምስጢሩን ለካርና እንደነገረው አትርሺ። እሱ ያውቃል፣ እሷ ግን እንደሚያውቅ አታውቅም። ንግግራቸውን በዚህ ላይ ገንቢው።