«ጉድ ፍራይዴይ» ውስጥ ያለው «ጉድ» ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጓደኞቼ የጥያቄና መልስ ምሽት እንዳዘጋጅ ተመርጬ፣ ስለ እንግሊዝኛ አባባሎችና ስለ እንግሊዞች የፋሲካ ልማድ ጥያቄዎች እየጻፍኩ ነው። ሁለቱ ግን እንቅልፍ ነሥተውኛል። እንግሊዞች ጌታ የተሰቀለበትን ዕለት «ጉድ ፍራይዴይ»፣ መልካም ዓርብ ይሉታል። የሞት ቀን እንዴት መልካም ይባላል? አንድ ጓደኛዬ «ጎድስ ፍራይዴይ»፣ የእግዚአብሔር ዓርብ ከሚለው ተበላሽቶ የመጣ ነው ይላል። ሁለተኛው «ኤግ ኦን» የሚለው ነው። ሰውን መገፋፋት ማለት ነው። «ኤግ» እንቁላል ከሆነ፣ ከፋሲካ እንቁላል ጋር ዝምድና አለው? የተሳሳተ መልስ ይዤ ሰው ፊት መቆም አልፈልግም።

ተርጓሚዋ፦
የጓደኛዎ መልስ በብዙ ሰው አፍ አለ፤ ትክክል ግን አይደለም። «ጉድ» በድሮው እንግሊዝኛ ለበዓል ቀን ሲነገር «ቅዱስ» ማለትም ነበር። የዚያኑ ሳምንት ረቡዕ «ጉድ ዌንስዴይ» ይሉት ነበር። ስለዚህ «ቅዱስ ዓርብ» ብለው ይፍቱት። ሰውን የሚያሳስተው ምናልባት «ጉድባይ» ይሆናል። እርሱ እውነትም «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ከሚል ምርቃት ተኮማትሮ የወጣ ነው፤ «ጎድ» የነበረው «ጉድ ዴይ» ከሚለው ሰላምታ ጎን ሲውል ሲያድር «ጉድ» ሆነ።

«ኤግ ኦን» ደግሞ ከእንቁላል ጋር አይገናኝም። ቫይኪንጎች ወደ እንግሊዝ ይዘውት ከገቡት የኖርስ ቋንቋ የመጣ ግስ ነው፤ ሥሩ ስለት ነው። የቢላዋ አፍ የሚባልበት «ኤጅ» ዘመዱ ነው።

ግን እባክዎ እንቁላሉን ዝም ብለው አይለፉት! እንቁላል የሆነው «ኤግ»ም ከዚያው ከኖርስ የተወሰደ ነው። የእንግሊዞቹ የራሳቸው ቃል «ኤይ»፣ ሲበዛ «ኤይረን» ነበር። ሁለቱ ለብዙ ዘመን ጎን ለጎን ኖረዋል። ማተሚያን ለእንግሊዝ ያስተዋወቀው ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም እንዲህ ይተርካል። በቴምዝ ወንዝ መርከብ ላይ የነበሩ ነጋዴዎች ነፋስ አጥተው ወደ የብስ ይወርዳሉ። አንዱ ወደ አንድ ቤት ገብቶ ምግብ፣ በተለይም «ኤግስ» ይለምናል። ባለቤቲቱ «ፈረንሳይኛ አልችልም» ትለዋለች። ነጋዴው ተቆጣ፤ እርሱም ፈረንሳይኛ አይችልማ! ሌላው «ኤይረን» ብሎ ሲጠይቃት ወዲያው ገባት። ካክስተንም በዚህ ዘመን ሰው ምን ብሎ ይጻፍ፣ ኤግስ ወይስ ኤይረን? ብሎ ይጠይቃል። የቃል ምርጫ በጨነቀኝ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል።

ሌላ አንባቢ፦
በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔም ሐሙስን ልጨምር። እንግሊዞች የጸሎተ ሐሙስን ዕለት «ሞንዲ» ይሉታል። ቃሉ ትእዛዝ ከሚለው ከላቲኑ «ማንዳቱም» የመጣ ነው፤ «እርስ በርሳችሁ ትዋደዱ ዘንድ አዲስ ትእዛዝ እሰጣችኋለሁ» ካለው። በዕለቱ ንጉሡ በዕድሜያቸው ቁጥር ልክ ለተመረጡ ወንዶችና ሴቶች የምጽዋት ሳንቲም ይሰጣሉ። ንጉሡ 75 ዓመት ከሞላቸው 75 ወንድና 75 ሴት ማለት ነው። ጥሩ የስሌት ጥያቄ ይወጣዋል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ እንቁላሉ ታዲያ ከፋሲካ ጋር የተገናኘው በምን ምክንያት ነው?

ተርጓሚዋ፦
አንዱ ምክንያት ጾሙ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዐቢይ ጾም እንቁላል አይበላም ነበር፤ ዶሮዎቹ ግን መጣላቸውን አያቆሙም፤ ስለዚህ ለበዓሉ ይከማቻል። የቀዳማዊ ኤድዋርድ ቤተ መንግሥት የ1290 ሒሳብ መዝገብ ለፋሲካ የተገዙ 450 እንቁላሎችን በ18 ፔንስ አስፍሯል። በወርቅ ቅብና በቀለም አስጊጠው ለቤተ መንግሥቱ ሰዎች አደሏቸው።

ጠያቂ፦
እንግዲያው የ«ኤግ ኦን»ን ጥያቄ ሰርዤዋለሁ። በምትኩ ይህን ጻፍኩ፦ «አንዲት እንግሊዛዊት በራሷ አገር ሰው፣ በእንግሊዝኛ ተጠይቃ፣ ፈረንሳይኛ አልችልም አለች። የተጠየቀችው ምን ነበር?»