ግድግዳ ላይ የሚዘሉት ጥቃቅን ሸረሪቶች ይነክሳሉ እንዴ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ስለ ሸረሪት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ መስኮቱ አካባቢና ግድግዳው ላይ ጥቃቅን ሸረሪቶች በዝተውብናል። ከምስር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ግራጫ ናቸው፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው። ድር ሲያደሩ አላየሁም፤ ጣቴን ሳስጠጋ ግን ዞር ብለው ያዩኛል፣ ከዚያ ዘለው እልም ይላሉ። አንዱን በብርጭቆ ይዤ በስልኬ አጉልቼ ሳየው ስምንት እግር አለው፣ ሰውነቱ ፀጉራም ነው፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ ዓይኖቹ የሚበልጡ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች አሉት። ዝንብ ሲይዝም አይቻለሁ።

የሚያስጨንቀኝ ልጄ ነው። ገና መዳህ መጀመሩ ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። ሰሞኑን እግሩ ላይ ተደርድረው የወጡ፣ የሚያሳክኩ ቀያይ እብጠቶች አየሁበት። እናቴ ሸረሪት ሸንቶበት ነው ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ ሸረሪት ካልተጨፈለቀ ሰው አይነክስም፣ እንዲህ ተራ በተራ የሚነክሰው ትኋን ነው፣ ፍራሹን ስፌቱ ድረስ ፈትሺ አለችኝ። ፈተሽኩ፣ ጥቁር ነጠብጣብም ትኋንም አላገኘሁም። ቁንጫ ይሆን?

እነዚህ ዘላይ ሸረሪቶች የሕፃን ቆዳ መብሳት ይችላሉ? አንዱን ቢውጥስ? ልጁ ባለበት ቤት መርዝ መንፋት ፈጽሞ አልፈልግም፣ ጉዳት ከሌላቸው ዝንቡን እየበሉ ይኑሩ። እብጠቱ ካልጠፋ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ፤ እስከዚያው የምታውቁትን ንገሩኝ።